«አብሽር፣ ሰው ሞልቷል»፦ ስለ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ባለሙያ እጥረት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኮምቦልቻ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ይዘን ግንቡ አለቀና ልስኑ ሁለት ወር ቆመ። ሲሚንቶ ጠፍቶ አይደለም። ቧንቧና ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሰው እየጠበቅን ነበር፤ ልስን ቀድሞ ከተመታ መልሶ ይፈረሳላ። ባለቤቱ በየሳምንቱ ከደሴ እየወረዱ «አብሽር፣ ሰው ሞልቷል፣ ፈልግ» ይሉኛል። እኔ ከሳኒተሪ (ከቧንቧ ሥራ) ረዳትነት ተነስቼ ፎርማን የሆንኩ ሰው ነኝ። ይህችን «ሰው ሞልቷል» የምትል ቃል ከነዘመዶቿ አንድ በአንድ ላንሳት።

«ሥራ አጥ በሞላበት አገር የባለሙያ እጥረት የለም»

ጠዋት 12 ሰዓት ደሴ ፒያሳ የወጣ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። አካፋና ዶማ ይዞ የሚጠብቀው ወጣት ብዙ ነው። ግን ለቁፋሮ የሚሆን ሰው ዛሬ ተጠርቶ ዛሬ ይጀምራል፤ ቧንቧ የሚገጥም ሰው እንዲያ አይገኝም። ያሉትም ጥቂት ስለሆኑ አንዱ ሦስት ሳይት በአንድ ጊዜ ይይዝና ለሦስቱም «ነገ እመጣለሁ» ይላል።

ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ፋብሪካ አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የጨርቃ ጨርቁና የቢራው ፋብሪካ ከዚያ በፊትም ነበሩ። ጎበዝ ኤሌክትሪሽያን ወርሃዊ ደሞዝና ከፀሐይ የሚያስጠልል ጣሪያ ካገኘ እኛ ጋ ስካፎልዲንግ ላይ ለምን ይንጠለጠላል? በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ በሁለቱም ከተሞች ካለፈ በኋላ የጥገናው ሥራ በአዲሱ ላይ ተደረበ።

«ረዳት ሆኖ እያየ ይለምደዋል»

ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ይሄኛው ነው፤ ግማሹ እውነት ነውና። እኔም እያየሁ ነው የተማርኩት። ችግሩ የሥራው ዋና ነገር በዓይን አለመታየቱ ነው።

በሙቀት እየተበየደ የሚገጠመውን የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ፣ ፒፒአርን፣ እንውሰድ። የማጣበቂያው ማሽን 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይግላል። ባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 5 ሰከንድ ይሞቃል፤ ባለ 25ቱ 7፣ ባለ 32ቱ 8 ሰከንድ። ካነሰ ፕላስቲኩ አይዋሃድም። ከበዛ ደግሞ ወደ ውስጥ ያብጥና የውሃውን መንገድ ያጠበዋል። ያነሰውን፣ የበዛውንና ልኩን ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው ከውጭ አንድ ናቸው። ረዳቱ የሚያየው ባለሙያው ሲያስገባ፣ ሲያወጣና ሲገጥም ነው፤ ቁጥሩን የሚነግረው የለም። እኔ ሦስት ዓመት በግምት ስበይድ ኖሬ ሰከንዱን መጀመሪያ የሰማሁት ከዕቃ ሻጭ ነው። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ከልስን ሥር የቀበርኩትን ባላስብ ይሻለኛል።

የውሃ ግፊትም እንደዚሁ ነው። የ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት 1 ባር ያህል ግፊት ማለት ነው። ደሴ ደግሞ ዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ጦሳ ተራራ ሥር ያለው ቤትና ወደ ቦርከና ወንዝ የወረደው ቤት አንድ ዓይነት ግፊት አያገኙም። (ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ያላት ከተማ በቧንቧ ባለሙያ እጦት ስትቸገር ያስቃል።) አንድ ደንበኛ ሻወሩ አልወርድ ብሏቸው ረዳት ጠሩ። ልጁ የሻወሩን ራስ ቀየረ፤ ሌላ ገዝቶም ቀየረ። ሮቶው ግን ከሻወሩ በላይ 2 ሜትር ብቻ ነበር፤ 0.2 ባር ማለት ነው። መቶ ራስ ቢቀያየር ያው ነበር። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ከፍታ ግፊት መሆኑን የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ማሠልጠን ስል ትልቅ ነገር ማለቴ አይደለም። በየሳይቱ የሚጣል ቁርጥራጭ ቧንቧ አለ። ለረዳቱ ማሽኑን ስጠው፣ ሰዓት እያየ አሥር መገጣጠሚያ ይበይድ፣ ከዚያ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ውስጡን አብራችሁ እዩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ይቺን ከሰዓት የሚሰጥ ሳይት ነው የጠፋው።

«ሲኦሲ ካለው ጨርሷል» እና «ወረቀት ምን ያደርጋል»

ሲኦሲ ተመዝኖ ያለፈ የሚያገኘው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ነው። ሁለቱን የሚሉት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ተሳስተዋል። ደሴ የወይዘሮ ስኂን፣ ኮምቦልቻም የራሷ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አላቸው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ የተግባሩም ትልቅ ድርሻ በትብብር ሥልጠና በድርጅቶችና በሳይት ላይ ይሰጣል ተብሎ ነው። እኛ ጋ ሲመጡስ? ብሎኬት እናሸክማቸዋለን። ይህን የምለው ራሴንም ጨምሬ ነው። ከዚያ ተመዝነው ሲያልፉ «ምንም አያውቁም» ብለን እናማቸዋለን።

በሌላ በኩል ምዘናው ኮሌጅ ለገባ ብቻ አይደለም። በሥራ ላይ የተማረም ቀርቦ ይመዘናል። አሥር ዓመት የሠራ የቧንቧ ሠራተኛ ወረቀት ስለሌለው ጨረታ ላይ ስሙ የማይጻፍ ከሆነ፣ እንደኛ በቃል ከመኩራራት ሄዶ መመዘኑ ይሻለዋል።

«መብራቱ ከበራ ኤሌክትሪኩ ተሠርቷል»

አምፖልማ በማንኛውም ሽቦ ይበራል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ግን በ220 ቮልት 16 አምፔር ይጎትታል። በዚያው መስመር 2 ኪሎ ዋት ምድጃ ሲጨመር 25 ይደርሳል። ለሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይህን ለሰዓታት አይችልም፤ ምጣድ የራሱ ባለ 4 መስመርና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል። የመሬት ሽቦውንማ «ለምን ታባክናለህ» ብለው የሚያስቀሩ ባለቤቶች አጋጥመውኛል። ብሬከሩ ቶሎ ቶሎ ሲወድቅ በትልቅ ብሬከር የሚቀይረው ሠራተኛ ችግሩን አልፈታም፤ እሳቱን ነው ያዘጋጀው።

«ካሠለጠንኩት ይሄድብኛል»

ይሄዳል፣ እውነት ነው። ያልሠለጠነውም ይሄዳል፤ እሱ ሲሄድ ግን ያበላሸውን ትቶልህ ነው። እኔ ያየሁት፣ በየደረጃው ክፍያው የተነገረው ረዳት ይቆያል። መቼ ከረዳትነት እንደሚወጣ የማያውቀው ነው ስልክ ሲደወልለት የሚሮጠው።

«ይህ የሴት ሥራ አይደለም»

ፒፒአር ማሽን ከባድ አይደለም፤ ከብረት ድስት አይበልጥም። በዚያው የኮምቦልቻ ሕንፃ ላይ ለትብብር ሥልጠና የመጣች ልጅ ነበረች። ልስኑ ከመመታቱ በፊት መስመሩን በውሃ ሞልተን፣ በእጅ ፓምፕ 10 ባር ላይ አድርሰን፣ የግፊት መለኪያውን ሰጠኋት። ሲመሽ ትንሽ ወርዷል አለችኝ። «ፕላስቲኩ ተለጥጦ ነው፣ ይህ ያለ ነው» አልኳት፤ በእርግጥም ያለ ነው። እንደገና ሞላችውና ቁጥሩንና ሰዓቱን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጻፈች። ጠዋት ስንመጣ እንደገና ወርዷል።

«ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ አይለጠጥም» አለች።

ፎቅ በፎቅ እየዘጋን ፈለግን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመታጠቢያው ጀርባ፣ አንድ የቧንቧ ክርን እርጥብ ነበር። ያን ቀን ባለሙያው ስላልመጣ የበየድኩት እኔ ነበርኩ።