ጃቫ፦ አንዴ ተጽፎ በየማሽኑ የሚሠራ ቋንቋ

ጃቫ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካ ውስጥ፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለ ኩባንያ ተጀመረ። ጄምስ ጎስሊንግና ባልደረቦቹ መጀመሪያ ያሰቡት ለቴሌቪዥንና መሰል የቤት ዕቃዎች ነበር። የዕቃዎቹ ፕሮሰሰር ይለያያል፤ ለእያንዳንዱ ኮዱን እንደ አዲስ ማዘጋጀት ደግሞ አድካሚ ነው። ቋንቋው በ1995 ይፋ ሆነ። በ2010 ኦራክል ሰንን ገዛው።

እንደ ሲ ባሉ ቋንቋዎች ኮምፓይለሩ (ኮድን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ሰው የጻፈውን ኮድ በቀጥታ ወደ አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ቋንቋ ይለውጠዋል። ውጤቱ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ለዊንዶውስ የተዘጋጀው እንዳለ ሊኑክስ ላይ አይነሳም። የጃቫ ኮምፓይለር ግን የሚያወጣው ባይትኮድ፣ ማለትም ለአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ያልተለየ መካከለኛ ኮድ ነው። ባይትኮዱን የሚያስኬደው የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ሌላ ፕሮግራም ነው። ጀማሪ ልብ ሊለው የሚገባው ይህን ነው፦ ከማሽን ማሽን የሚዞረው ባይትኮዱ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽኑ ራሱ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ለየብቻ ይዘጋጃል። እሱ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ባይትኮዱ ዝም ብሎ የተቀመጠ ፋይል ነው።

ጃቫ ድሮ ቀርፋፋ ይባል ነበር። አሁን ቨርቹዋል ማሽኑ ተደጋግሞ የሚሠራውን የኮድ ክፍል ይለይና፣ ፕሮግራሙ እየሄደ ሳለ ወደ ፕሮሰሰሩ ቋንቋ ይቀይረዋል። ለእኔ ከጃቫ ሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

ለመሞከር ጄዲኬ (JDK) የሚባለውን፣ ኮምፓይለሩንና ቨርቹዋል ማሽኑን የያዘ ጥቅል ይጫኑ። ኮዱን ጽፈው ሴቭ ያድርጉ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ «ጃቫሲ» (javac) የሚለው ትእዛዝ ኮምፓይል ያደርጋል፤ «ጃቫ» (java) የሚለው ያስኬዳል። ከቨርዥን 11 ወዲህ፣ ማለትም ከ2018 ጀምሮ፣ አንድ ፋይል ብቻ ከሆነ «ጃቫ» ሁለቱንም ይሠራል። በአዲስ ቨርዥን ኮምፓይል የተደረገ ግን አሮጌ ቨርቹዋል ማሽን ላይ እምቢ ይላል።

ጃቫ ዩኒኮድን (የዓለም ፊደላትን የሚያካትት የቁምፊዎች ደረጃ) ስለሚቀበል ተለዋዋጭን (ዋጋ የሚያዝበትን ስም) «ዋጋ» ወይም «ስም» ብሎ በፊደላችን መሰየም ይቻላል። ችግሩ ፋይሉ ሲነበብ ነበር፦ ዊንዶውስ ላይ ጃቫ የሲስተሙን አሮጌ ኢንኮዲንግ (ፊደላት በቁጥር የሚቀመጡበትን ስልት) ስለሚከተል አማርኛው ይበላሽ ነበር። በ2022 የወጣው ቨርዥን 18 ዩቲኤፍ-8ን፣ ማለትም አማርኛንም የሚይዘውን የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ፣ መደበኛ አደረገው። ተርሚናሉ ግን አሁንም የራሱን ኢንኮዲንግ ይከተላል። ስለዚህ ጽሑፉ እዚያ ላይ በጥያቄ ምልክት ቢተካ ኮድዎን ከመጠራጠርዎ በፊት ውጤቱን ፋይል ላይ ጽፈው ይዩት።