ቻርጀር ውስጥ ሰውን ከአደጋ የሚጠብቀው የትኛው ዕቃ ነው?

የስልክ ቻርጀር ለደህንነት ማረጋገጫ ላብራቶሪ ሲገባ አምራቹ የወሳኝ ክፍሎችን ዝርዝር ያቀርባል። ቢበላሹ ሰውን ኮረንቲ ሊይዘው ወይም እሳት ሊነሳ የሚችልባቸው ዕቃዎች ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል።

«ወሳኙ ትልቁና ውዱ ዕቃ ነው»

አይደለም። ዋናው ጥያቄ ዕቃው ሲበላሽ ምን ይከተላል የሚለው ነው። ብዙ ቻርጀሮች ውስጥ ከሽምብራ ብዙም የማትበልጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ የሆነች ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የምትይዝ ዕቃ) አለች። አንድ እግሯ 220 ቮልት ያለበት ጎን፣ ሌላው ስልኩ የሚሰካበት 5 ቮልት ጎን ነው። ሾርት ካደረገች የግድግዳው ኮረንቲ በኬብሉ አልፎ ስልኩን የያዘው ሰው ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ለዚህ ቦታ ዋይ 1 የሚባል ደረጃ አለ። አይኢሲ 60384-14 በተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት 8,000 ቮልት በሚደርስ ቅጽበታዊ ግፊት ይፈተናል። በእሷ ቦታ ተራ ካፓሲተር ቢገባ ቻርጀሩ ስልክ መሙላቱን ይቀጥላል። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ ገዢው በምን ያውቃል?

«ፕላስቲክና ቴፕ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

በደንብ ይገባሉ። የሽፋኑ ፕላስቲክ እሳት ካገኘው ቶሎ መጥፋት አለበት። የትራንስፎርመሩ ቴፕና የሽቦው መከለያም ሁለቱን ጎኖች የሚለያዩ ናቸው።

«ዕቃው ሰርተፊኬት ካለው አለቀ»

ሰርተፊኬቱ የሚሠራው በተጻፈው ገደብ ውስጥ ነው። እስከ 85 ዲግሪ ሴልሺየስ የተፈቀደ ዕቃ 100 ዲግሪ የሚሞቅ ቦታ ከተቀመጠ ምልክቱ አያድነውም። ሙቀቱ የሚለካው ቻርጀሩ በሙሉ ጭነት እየሠራ ነው።

«ሲኢ (CE) የሚባለው የአውሮፓ ምልክት ካለው ተፈትኗል»

የግድ አይደለም። እንዲህ ባሉ ዕቃዎች ላይ ሲኢ የአምራቹ የራሱ ማረጋገጫ ነው።

«ተመሳሳይ ዕቃ መተካት ችግር የለውም»

ይሄ በጣም ያሳስበኛል፤ ዕቃ ገበያ ላይ ሲጠፋ ፋብሪካ ሁሉ ሌላ ለመተካት የሚጓጓበት ነውና። ዝርዝሩ ላይ «ፊውዝ» ብቻ አይጻፍም። አምራቹ፣ ሞዴሉ፣ አምፔሩ፣ ቮልቱ፣ የተፈተነበት መስፈርት ሁሉ ይሰፍራል። አምፔሩ እኩል የሆነ ሌላ ፊውዝ ትልቅ የሾርት ኮረንቲ ሲመጣ ሳያቋርጥ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ለውጡ አስቀድሞ ለማረጋገጫ ሰጪው ይነገራል፤ ካስፈለገም ፈተናው ይደገማል። ፋብሪካ የሚጎበኝ ተቆጣጣሪም ቻርጀሩን አስከፍቶ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል።