ከሕፃናት ጋር የሚደረግ የመፀው የከተማ አዳር ምንድን ነው?

የከተማ አዳር የምለው፣ ቤተሰብ ከቤቱ ወጥቶ በአንድ ከተማ መሀል አንድ ወይም ሁለት ሌሊት የሚያድርበትን፣ ቀኑንም ከተማዋን በእግሩ እያየ የሚውልበትን አጭር ዕረፍት ነው። በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ትምህርት ቤቶች በጥቅምት አካባቢ ለጥቂት ጊዜ ስለሚዘጉ፣ ወላጆች ትንንሽ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ብቅ የሚሉት ያኔ ነው። የእኛ ትምህርት ቤቶች ግን መስከረም ላይ ተከፍተው ገና ሥራ የያዙበት ወቅት ስለሆነ ያለን ቅዳሜና እሁድ ነው። እሱም ይበቃል። በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ ወይም በቦሌ አራብሳ ለሚያድግ የአምስት ዓመት ልጅ ፒያሳና አራት ኪሎ በስም ብቻ የሚሰማቸው ሰፈሮች ናቸው፤ አዲስ ከተማ ፍለጋ አዳማ ወይም ሐዋሳ ድረስ መሄድ የግድ አይደለም።

«እዚሁ አዲስ አበባ ቤት እያለን ለምን ሆቴል እናድራለን?» የሚል ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሱ ያለው መንገዱ ላይ ነው። ከዳርቻ ሰፈር የተነሳ ቤተሰብ ታክሲ ተሰልፎ፣ አንድ ሁለቴ ቀይሮ መሀል ከተማ ሲደርስ ረፋዱ አልቋል። ሕፃኑ ደግሞ ጉልበቱን እዚያው ጨርሶ ሙዚየም በር ላይ ያለቅሳል። እናት «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን!» ትላለች፣ አባት ይቆጣል፣ ከምሳ በኋላ የመመለሻው ጭንቀት ይጀምራል። አዳር ይህን ሁሉ ይፈታል። ማረፊያው ቅርብ ከሆነ ልጁ ቀትር ላይ ገብቶ ይተኛል፤ 9 ሰዓት ላይ ታድሶ ይወጣል። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረ ከመዝናኛው ቀንሱ፣ ከምግብ ቤቱ ቀንሱ፣ ከአዳሩ ግን አትቀንሱ። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ሦስት ፓርክና ሁለት ሙዚየም በአንድ ቀን ጠቅጥቆ፣ ልጆቹን ታክሲ ውስጥ አንቀላፍተው ይዟቸው ይመለሳል።

መፀው በዘመን አቆጣጠራችን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት ነው። ከዚህ ውስጥ ለሕፃናት የሚስማማው ጥቅምት ነው ብዬ አምናለሁ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጭቃው ደርቋል፣ የበጋው አቧራ ገና አልተነሳም፣ ሣሩ አልጠወለገም፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ብርዱን ግን ንቆ መውጣት አይገባም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው በከንቱ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ቀትር ላይ ፀሐይዋ ቆዳ ታቃጥላለች፤ ጥላ ሥር ሲገቡ ይበርዳል፤ ንጋት ላይ ደግሞ ጣት ያደነዝዛል። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመያዝ ይልቅ ካናቴራ፣ ሹራብና ስስ ጃኬት ደርቦ ማልበስ፣ እንደ ሰዓቱም ማውለቅ ይሻላል። የፀሐይ ኮፍያና የሌሊት ካልሲ አይረሱ።

ቀን ስትመርጡ በዓላቱን ተመልከቱ። መስከረም 16 የሚከበረው ደመራና በመስከረም መገባደጃ የሚከበረው ኢሬቻ ልጅ ሊያያቸው የሚገባ ታላላቅ በዓላት ናቸው፤ ሆኖም በእነዚያ ቀናት መንገድ ይዘጋል፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ጋሪ የሚገፋና አንድ ልጅ ያዘለ ቤተሰብ ለመጀመሪያ አዳሩ ሌላ ሳምንት ቢመርጥ ይሻለዋል። በኅዳር አንድ እሁድ ታላቁ ሩጫ ስለሚካሄድ ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ። ኅዳር 12 ደግሞ «ኅዳር ሲታጠን» ነው። በ1911 ዓ.ም. ከደረሰውና የኅዳር በሽታ ተብሎ ከሚታወሰው ወረርሽኝ ጋር በተያያዘው ልማድ በየሰፈሩ ቆሻሻ ስለሚቃጠል፣ አስም ወይም ሳል ያለበት ልጅ በዚያ ቀን ከቤት ባይወጣ እመርጣለሁ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚገባ በርካታ ምግብ ቤቶች እንቁላልና ወተት ይቀንሳሉ፤ ገና ወተት የሚፈልግ ሕፃን ያላችሁ ይህን አስቡበት።

ማረፊያችሁን ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው አካባቢ ፈልጉ። ውድ ሆቴል አያስፈልግም፤ ንጹሕ የእንግዳ ማረፊያ ይበቃል። ስትደውሉ የምትጠይቁት ከኮከቡ ብዛት ይበልጣል፦ ሙቅ ውኃ ማታም ይመጣል? ተጨማሪ ብርድ ልብስ አለ? መብራት ቢጠፋ ስንተኛ ፎቅ ድረስ ልጅ አዝለን እንወጣለን? ሥሩ መጠጥ ቤት አለ? መውጫው ሰዓት ካለፈ ሻንጣችንን ታስቀምጡልናላችሁ? የመጨረሻዋ ጥያቄ የእሁዱን ቀን ስለምታድን አትተዋት።

አሁን ወደ ውሎው እንምጣ። ደንቡ አጭር ነው፤ ጠዋት አንድ ነገር፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር። ለቅዳሜ ጠዋት የምመርጠው አምስት ኪሎ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሙዚየም ለሕፃን ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ የሚከብደው ግን ሁሉንም ላሳየው ሲሉ ነው። እናንተ በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ውረዱና ድንቅነሽን አሳዩት። ድንቅነሽ በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በዚሁ በመፀው ወቅት ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ይህ ቁጥር ግን ለአምስት ዓመት ልጅ ምንም አይነግረውም። የሚነግረው ቁመቷ ነው። ድንቅነሽ ሙሉ ሰው ሆና ሳለ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ከእርሱ ጋር እኩል ማለት ነው። ልጁን ከመስታወቱ ፊት አቁሙትና ይለካካ። ለእይታ የቀረበው ቅጂ እንደሆነና ዋናው አጥንት ተጠብቆ እንደሚቀመጥ መንገርም አይከፋም፤ ልጆች እውነቱን ሲነገሩ ይበልጥ ይጠይቃሉ።

ከዚያ ስለ ሰላም አጫውቱት። ሰላም በ1993 ዓ.ም. በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን በዲኪካ ያገኛት፣ ዕድሜዋ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ ቅሪተ አካል ናት። ስትሞት የሦስት ዓመት ልጅ ገደማ ነበረች። የእኔዋ ልጅ ይህን ስትሰማ «እናቷስ የት አለች?» አለችኝ። አልተገኘችም አልኳት፤ ሳይንቲስቶቹ ያገኙት እርሷን ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። ይህን ጥያቄ የትኛውም መጫወቻ ስፍራ አያመጣውም፤ ሙዚየሙን የማስቀድመውም ለዚህ ነው። ልጁ ፎቅ ላይ ያሉትን የነገሥታት ዙፋንና አልባሳት ልይ ካለ ውጡ፤ ካላለ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ መውጣት ምንም ነውር የለበትም።

የአካባቢው መልክዓ ምድር ለእግር ጉዞ የሚረዳችሁ አቅጣጫውን ካወቃችሁ ነው። ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎ አድርጎ ወደ አራት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ስለሆነ፣ ወደ ላይ በታክሲ ወጥታችሁ ወደ ታች በእግር ውረዱ። የእግረኛ መንገዶች በቅርብ ዓመታት በመስፋታቸው በብዙ ቦታ የሕፃን ጋሪ መግፋት ይቻላል። እኔ ግን ደረጃውንና የመንገድ መሻገሪያውን እያሰብኩ ማዘያ ሳልይዝ አልወጣም።

ከእንቅልፍ በኋላ ያለው ጊዜ የመሮጫ ይሁን። ወዳጅነት ፓርክ ለዚህ ይመቻል። ልጁ መጻሕፍት የሚወድ ከሆነ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚያው አራት ኪሎ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ሳይንስ ሙዚየምን ሊመርጡ ይችላሉ። አንዱን ብቻ ምረጡ። በመፀው 12 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ስለምትገባና ብርዱ ወዲያው ስለሚከተል፣ ከዚያ በፊት ጃኬቱ መደረብ አለበት። እንጦጦን ለሌላ ቅዳሜ አቆዩት፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ስፍራ ስለሆነ ነፋሱና ዳገቱ ትንንሾቹን ያደክማቸዋል፣ ራሱን የቻለ ቀንም ይፈልጋል።

እሁድ ጠዋት ፒያሳ ይበቃል። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት በፈረስ ላይ ያለው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ሐውልት በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀ ነው። ለሕፃን ዋናው ነገር ፈረሱ ነው፤ እግሩን አንሥቷልና። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያም አጠገቡ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ለማዳረስ አትሞክሩ።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በርበሬ ለማይችል ልጅ አልጫ ወይም ፍትፍት እዘዙ፣ የሚላጥ ፍራፍሬ አስቀድሙ፣ ቆሎና ዳቦ ከቤት ያዙ። ሶፍትና የእጅ ማጽጃ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ቦታ ከመውጣታችሁ በፊትም መጸዳጃ ቤት ግቡ፣ ልጁ አልመጣብኝም ቢልም። ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ በልጁ ኪስ መክተትን ደግሞ ከሁሉ በፊት አድርጉት።

መግቢያችሁ ቅዳሜ ማለዳ ይሁን እንጂ ዓርብ ማታ አይሁን፤ የዓርብ ምሽት መጨናነቅ ለአዋቂም ይከብዳል። በምሥራቅ በኩል ያላችሁ አያት ድረስ ሄዳችሁ፣ በደቡብ ያላችሁ ከቃሊቲ፣ በቀላል ባቡሩ ብትገቡ ጉዞው ራሱ ለልጁ መዝናኛ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ሁለቱ መስመሮች መስቀል አደባባይና ስታዲየም አካባቢ ስለሚገናኙ ከዚያ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ መያዝ ቀላል ነው። እሁድ ከምሳ በኋላ ሻንጣችሁን ካስቀመጣችሁበት አንሡና 9 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከ11 ሰዓት በኋላ የታክሲ ሰልፉ ይረዝማል፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ትምህርት ቤት ስላለ ገላ መታጠቡ፣ የደንብ ልብሱና የሳምንቱ ምሳ ዕቃ ቤት ይጠብቃችኋል።