በመናፍስት ፍለጋ ላይ የሚውሉ መጫወቻዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአሜሪካና በብሪታንያ የሙታን መንፈስ ይታይባቸዋል በሚባሉ አሮጌ ሆስፒታሎችና ቤቶች ውስጥ ሌሊቱን የሚያሳልፉ መርማሪዎች ከካሜራና ከድምፅ መቅረጫ ጎን ኳስ፣ የድብ አሻንጉሊትና ለድመት የተሠሩ ብልጭ ድርግም የሚሉ መጫወቻዎችን ይዘው ይገባሉ። በሥፍራው አለ የሚባለው መንፈስ፣ በተለይም የሕፃን መንፈስ ከሆነ፣ መጫወቻውን አይቶ ይነካዋል፤ መጫወቻውም መነካቱን ያስታውቃል ተብሎ ይታሰባል። መናፍስት አሉ ወይስ የሉም የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ ትተን፣ እዚህ የምናየው አንድ መጫወቻ ምን ሊመሰክር እንደሚችልና እንደማይችል ብቻ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የድመቱ ኳስ ማንም ሳይነካው በራ፤ ስለዚህ የማይታይ እጅ ነክቶታል።»

በእነዚህ ኳሶች ውስጥ ያለው አነስተኛ ባትሪ፣ ትንሽ አምፖልና በንዝረት የሚሠራ ማብሪያ ነው። ማብሪያው አብዛኛውን ጊዜ በቀጭን የብረት ዘንግ ዙሪያ የተጠመጠመ ሞላ ሲሆን፣ ኳሱ ሲናወጥ ሞላው ተወዛውዞ ዘንጉን ይነካል፤ መስመሩ ይገናኛል፤ መብራቱም ለጥቂት ሴኮንዶች ይበራል። እንግዲህ ማብሪያው የሚያውቀው ንዝረት መኖሩን እንጂ ንዝረቱን ማን እንዳመጣው አይደለም። በእንጨት ወለል ላይ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው የሰውነቱን ክብደት ከአንድ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውር፣ በመንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ ወይም ከላይኛው ፎቅ በር ሲዘጋ ኳሱ ሊበራ ይችላል፤ በተለይም ሞላው ዘንጉን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ባረፈበት አቀማመጥ ከሆነ እጅግ ትንሽ ነገር ይበቃዋል። መጫወቻው የተሠራው ድመት በመዳፏ ዳሰስ ስታደርገው እንዲበራላት በመሆኑ ይህን ያህል ስስ መሆኑ ጉድለት አይደለም፤ ጉድለቱ ምስክር አድርጎ ከመቁጠር የሚመጣ ነው። ጥንቃቄ ያለው መርማሪ ጥያቄ መጠየቅ ከመጀመሩ በፊት ኳሱን ሰው በሌለበት ክፍል ለአንድ ሰዓት ትቶ ስንት ጊዜ እንደበራ ይቆጥራል፤ ሁለተኛ ተመሳሳይ ኳስም ንዝረት በሚውጥ ወፍራም ስፖንጅ ላይ አስቀምጦ ሁለቱን ያነጻጽራል። ይህ ቆጠራ ያልተያዘለት ኳስ መቶ ጊዜ ቢበራም የሚነግረን ነገር የለም።

«ኳሱ በኮሪደሩ ላይ ራሱ ተንከባለለ፤ ሕፃኑ መጫወት ፈልጓል።»

በኬንታኪ ግዛት፣ በሉዊቪል ከተማ የሚገኘው ዌቨርሊ ሂልስ በ1910 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ ሆኖ ተከፈተ። ዛሬ የሚታየው ትልቁ የጡብ ሕንፃ በ1926 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ከተገኘ በኋላ የሕሙማኑ ቁጥር እየቀነሰ ሄዶ መታከሚያው በ1961 ተዘጋ። ጎብኚዎች «ቲሚ» እያሉ ለሚጠሩት የሕፃን መንፈስ ኳስ በኮሪደሩ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ኳሱም አንዳንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ነገር ግን ለዓይን ደልዳላ የሚመስል ያረጀ ወለል ብዙ ጊዜ የተዳፈነ ቁልቁለት አለው፤ ቀላል ኳስ ደግሞ ከመስኮት የሚገባ መጠነኛ ነፋስ ይበቃዋል። ይህን ለማረጋገጥ የግንበኛ ውኃ ልክ ወለሉ ላይ ማስቀመጥ፣ እርሱ ከሌለም አንድ ብይ ለቆ ወዴት እንደሚሄድ መመልከት በቂ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሕፃን የሚወደው ኳስ ብቻ አይደለም፤ የሚደረደር የእንጨት ጡብም ያጫውተዋል። ታዲያ «ተንቀሳቀሰ» የሚባለው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ክብ የሆነው ዕቃ ነው፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ጡብ ከተቀመጠበት ሲነሣ አናይም።

«የእጅ ባትሪው ለጥያቄዎቻችን አዎ ወይም አይደለም እያለ መለሰ።»

ጭንቅላቱ ሲዞር የሚበራ የእጅ ባትሪ ሊበራ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከላላ፣ አምፖሉ ሲሞቅ ክፍሎቹ ተለጥጠው መገናኛውን ያላቅቃሉ፤ ሲቀዘቅዙ ኮምተር ብለው መልሰው ያገናኙታል። ጠያቂ ቢኖርም ባይኖርም ይበራል፣ ይጠፋል።

«ዊጃ ከጥንት የተላለፈ የምሥጢር ሰሌዳ ነው።»

ፊደላት የተጻፉበት ይህ ሰሌዳ በየካቲት 1891 በኤላይጃ ቦንድ ስም የፈጠራ መብት ያገኘ፣ በባልቲሞር ከተማ ለገበያ የቀረበ የአሜሪካ ዕቃ ሲሆን፣ በፈጠራ ሰነዱ ላይም የተመዘገበው መጫወቻ ተብሎ ነው። ተሳታፊዎች ጣታቸውን አሳርፈውበት ፊደል ከፊደል የሚዞረው ጠቋሚ ለምን እንደሚንቀሳቀስ የሚያስረዳው ሙከራ ግን ከሰሌዳው ይቀድማል። በ1853 የፊዚክስ ሊቁ ማይክል ፋራዴይ ጠረጴዛ «በመንፈስ» እናዞራለን የሚሉ ሰዎችን በፈተነ ጊዜ፣ በእጃቸውና በጠረጴዛው መካከል ሊንሸራተቱ የሚችሉ ንጣፎችን አስገባ፤ በዚህም ቀድሞ የተንቀሳቀሰው እጃቸው እንጂ ጠረጴዛው አለመሆኑን አየ። ወደ ጎን መግፋታቸውን የሚያሳይ ዘንግ ፊት ለፊታቸው ሲቆምላቸው ደግሞ እንቅስቃሴው ቀረ። ሰዎቹ አታላዮች አልነበሩም፤ ጡንቻቸው ሳያውቁት ይገፋ ነበር። በዊጃም ላይ የተሳታፊዎቹን ዓይን ሸፍኖ ሰሌዳውን ሳያውቁ ማዞር ቀላል ፈተና ነው፤ ጠቋሚው ፊደሎቹ ቀድሞ ወደነበሩበት ባዶ ሥፍራ ከሄደ የሚያነበው የእነርሱን ትዝታ ነው።

«ካሜራው ለዓይን የማይታይ ሰው ሣለ።»

በስክሪን ላይ በቀጫጭን መስመሮች የተሠራ የሰው ቅርጽ የሚያወጡት ካሜራዎች መሠረታቸው በ2010 ለኤክስቦክስ የቪዲዮ ጨዋታ የወጣው ኪኔክት ነው። መሣሪያው ለዓይን የማይታዩ የኢንፍራሬድ ነጠብጣቦችን እየረጨ ርቀትን ይለካል፤ ፕሮግራሙም ከተለካው ውስጥ ራስ፣ ትከሻና ጉልበት እንዲፈልግ የሠለጠነ ነው። ተጫዋች ፊቱ መቆሙን አስቀድሞ ስለሚገምት ወንበር፣ የተንጠለጠለ ካፖርት ወይም የበር ጠርዝ ሲያገኝ ክንድና እግር ሊያበጅለት ይሞክራል። ሰው ፈልግ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ሰው አገኘሁ ቢል ሊያስደንቅ አይገባም።

«መጫወቻ ቀልድ ነው፤ ቁም ነገር ያለው ምርመራ ውድ መሣሪያ ይፈልጋል።»

በእኔ ግምት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሆዱ የኤሌክትሮማግኔት መለኪያ የተገጠመለት የድብ አሻንጉሊት ከመርማሪው ኪስ ባለው ስልክ ወይም በእጁ በያዘው የሬዲዮ መገናኛ ሊጮኽ ይችላል፤ የሙቀትና የእንቅስቃሴ ዳሳሽ ሲጨመርበትም የትኛው እንደቀሰቀሰው መለየት ይቸግራል። በጠመኔ በተሠመረ ክብ ውስጥ የተቀመጠ ተራ መጫወቻ ግን ወይ ከመስመሩ ወጥቷል ወይ አልወጣም። የመናፍስት መርማሪው ሃሪ ፕራይስ በ1937 መንፈስ ይታይበታል ይባል የነበረውን በእንግሊዝ የቦርሊ የቄስ ቤት ለአንድ ዓመት ተከራይቶ ታዛቢዎች ሲያስገባ፣ በዕቃዎች ዙሪያ በጠመኔ መስመር ይደረግ ነበር። መስመሩ ዕቃው መነሣቱን ያሳያል፤ ማን እንዳነሣው ለማወቅ ግን በሩን ማሸግና በዚያ ሌሊት ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር መመዝገብ ያስፈልጋል።