«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህን አባባል የምንሰማው ብዙውን ጊዜ ነገራችን ሲጓተት ነው። ፈተና ለወደቀ ተማሪ፣ ሥራ ጀምሮ ገበያ ላጣ ወጣት «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ…» ይባልለትና ቀሪው በልብ ይሞላል። ፍቺውም «ታገስ፣ ጊዜው ሲደርስ ይሆናል» ተደርጎ ይወሰዳል። ለእኔ ይህ የአባባሉ ግማሽ ብቻ ነው።

መነሻው ጓሮ ነው። ዶሮ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ ዝም ብላ አትቀመጥም። በቀን ደጋግማ በመንቆሯ ታገላብጠዋለች፤ ካልተገላበጠ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። ለጥሬና ለውሃ ትነሳለች፣ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ግን ትመለሳለች። 21 ቀን ያህል እንዲህ ስትለፋ፣ ከውጭ ለሚያይ እንቁላሉ ያው እንቁላል ነው። በመጨረሻ ጫጩቱ ራሱ ቅርፊቱን ይሰብራል። ጥቂት ይነቁራል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይነቁራል፤ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። አዝኖለት ቀድሞ ቅርፊቱን የላጠለት ሰው ሊያደማውና ሊገድለው ይችላል። ልጆች እጃቸውን ሲሰዱ «አትንኩት!» የሚባሉት ለዚህ ነው።

«የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ተረት ችኩሉን ይገስጻል። የእንቁላሉ ግን የሚናገረው እየሠራ ውጤቱ ገና ላልታየለት ሰው ነው።

ይህን ካስተዋልኩ ወዲህ አባባሉን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ሯጩ ምሩፅ ይፍጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ የ5,000 ሜትር ውድድሩ ግን አመለጠው። በ1976 አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ስለቀረች አራት ዓመት የጠበቀው ዕድል በእሱ ጥፋት ሳይሆን ተዘጋ። በዚህ መሐል ልምምዱን አላቋረጠም፤ በ1977 እና በ1979 በአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። በ1980 ሞስኮ ላይ፣ ከሙኒክ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በሁለቱም ወርቅ አጠለቀ። «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘችው የመጨረሻዋ ዙር ሩጫ የደቂቃ ነገር ትመስላለች፤ የተገነባችው ግን ማንም ባላየባቸው ዓመታት ነው።

ያኔ አርሲ ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ ድል ልቡ ተነካ። ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር ደብተሩን በግራ ክንዱ ይዞ ይሮጥ ነበር፤ ትልቅ ሯጭ ሆኖም ግራ ክንዱ ያንን አያያዝ አልረሳም። አባቱ ሩጫውን አልወደዱለትም። በ15 ዓመቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ገባ። ያኔ ያየው ሰው የዓለም ክብረ ወሰን ይሰብራል ብሎ አይወራረድበትም ነበር።

ኋላም መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቁን ሲያገኝ ጠንካራው የመሮጫ መም እግሩን ስላቆሰለው የ5,000 ሜትሩን ተወው። በ2004 አቴንስ በ10,000 ሜትር አምስተኛ ወጣ፣ ወርቁንም ቀነኒሳ በቀለ ወሰደ። ብዙዎች «በቃ፣ አለቀለት» ሲሉ እሱ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ማራቶን አዞረ። በ2008 በ35 ዓመቱ በርሊን ላይ 2:03:59 ገባ፤ ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የጨረሰ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።