ሙሉ ባትሪ ይዞ ሮቦቱ ለምን ይደክማል?

«ባትሪው 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ታዲያ ሮቦቱ ሌላ ነገር ሲገፋ ለምን ይጠፋል?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ስለሚመጣ እንየው።

ሞተሮቹ ቆመው የተለካ ቮልት ብቻውን አያስተማምንም። ባትሪ በውስጡ ትንሽ ሬዚስታንስ (ከረንትን የሚገታ ባሕርይ) አለው፤ ብዙ ከረንት ሲሳብ ቮልቱ ወዲያው ይወርዳል። ሬዚስታንሱ 0.02 ኦም ሆኖ ሞተሮቹ 120 አምፔር ቢስቡ 2.4 ቮልት ይጎድላል፤ የሚቀረው 10.2 ነው። የላላ ማያያዣ ካለማ ይብሳል።

ስሌቱ (ከረንት በሬዚስታንስ ሲባዛ) ለሁሉም ባትሪ አንድ ነው። የሬዚስታንሱ መጠን ግን ይለያያል፤ ባትሪው ሲያረጅ ይጨምራል። ቮልቱ በጣም ሲወርድ የሮቦቱ መቆጣጠሪያ ሞተሮቹን ያቋርጣል፤ የሚያቋርጥበት ቮልትም እንደ ሥሪቱ ነው።

ስለዚህ ቮልቱን ሮቦቱ ጭነት ላይ እያለ፣ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ለኩ። ከረንትን ግን እንዲህ እንዳትለኩ! ቴስተሩን አምፔር ላይ አድርጎ ባትሪ ላይ መግጠም ሾርት ማድረግ ነው። አንዱን ሽቦ ብቻ ከውጭ የሚያቅፍ፣ ዲሲ የሚለካ ክላምፕ ሜትር ተጠቀሙ።