አዲስ የተጫነ ስርዓተ ክወናን ከጥቃት መጠበቅ

አንድ ኮምፒውተር ስርዓተ ክወናው እንደ አዲስ ሲጫንለት ከቫይረስ የጸዳ ይምሰል እንጂ፣ ለጥቃት እጅግ ከሚጋለጥባቸው ጊዜያት አንዱ ይኸው የመጀመሪያው ሰዓት ነው። መጫኛው በዲስክ ወይም በፍላሽ ከተዘጋጀ በኋላ የታወቁት የደህንነት ክፍተቶች ሁሉ በውስጡ አሉ፤ አምራቹ መፍትሔ ያወጣላቸው ቢሆንም እንኳ፣ ማሻሻያው ወርዶ እስኪጫን ድረስ ክፍተቶቹ ክፍት ናቸው።

ለዚህ ዋነኛው ማሳያ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ፋየርዎል (ያልተፈለገ የኔትወርክ ግንኙነትን የሚያግድ ፕሮግራም) አብሮት ቢመጣም በራሱ ሥራ አይጀምርም ነበር። በኦገስት 2003 ብላስተር የተባለው ዎርም (በኔትወርክ ራሱን እያባዛ የሚዛመት አጥፊ ፕሮግራም) ሲሰራጭ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ካወጣ አንድ ወር ገደማ ሆኖት ነበር፤ ይሁንና ዎርሙ የተጠቃሚውን ስሕተት ስለማይጠብቅ፣ ጥበቃ የሌለው ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር መገናኘቱ ብቻ ለጥቃቱ በቂ ነበር። ማስተካከያውን ለማውረድ መገናኘት የግድ ነው፤ የተገናኘው ኮምፒውተር ግን ገና እያወረደ ሳለ ተጠቅቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ራሱን ያጠፋና መልሶ ይነሣ ነበር። በ2004 ሳሰር የተባለው ዎርም ተመሳሳይ ጉዳት አደረሰ። ማይክሮሶፍት ፋየርዎሉን ከመነሻው የሚያሠራው ሰርቪስ ፓክ 2 የተባለውን የማሻሻያ ጥቅል ያወጣው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ራሱ የጥበቃው አካል ነው፤ ፋየርዎሉ መሥራቱን ሳያረጋግጡ ኔትወርክ ማገናኘት፣ ማሻሻያው ሳይጠናቀቅም ሌላ ፕሮግራም መጫን አይገባም። ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣው ግን የመጫኛው ምንጭ ነው። በአገራችን ያለ ፈቃድ የተባዛ ዊንዶውስ ከክራክ (የፈቃድ ቁጥጥሩን ከሚሰብር ፕሮግራም) ጋር ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዘዋወር መቆየቱ የታወቀ ነው፤ ክራኩ እንዲሠራ በቅድሚያ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ መባሉ ብቻውን ሊያሳስበን ይገባል። በዚህ መንገድ የገባን አጥፊ ፕሮግራም ከጊዜ በኋላ የሚጫን ማሻሻያ ላያስወግደው ይችላል።

በዊንዶውስ ላይ በመጀመሪያ የሚከፈተው አካውንት የአስተዳዳሪነት ሥልጣን ስላለው፣ ለዕለት ሥራ ሥልጣኑ የተገደበ ሌላ አካውንት መክፈት ይመከራል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ደግሞ ሩት የተባለውን ባለ ሙሉ ሥልጣን አካውንት ከመነሻው ቆልፎ ነው የሚጫነው። ላፕቶፕ ከሆነ ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ መዝጋትና የመልሶ ማግኛ ቁልፉን ከኮምፒውተሩ ውጭ ማስቀመጥ ይገባል። የማያስፈልጉ አገልግሎቶችን መዝጋትም ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ዎርም የተሰራጨው ብዙዎች ጨርሶ በማያስፈልጋቸው አሮጌ የፋይል መጋሪያ ሥርዓት በኩል ነበር።

አምራቹ ድጋፍ ያቋረጠበትን ስርዓት እንደ አዲስ መጫን ግን ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላም ክፍተት ይተዋል። ዊንዶውስ 10 ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ፣ ለተራዘመው አገልግሎት ከተመዘገቡት በቀር፣ መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ አያገኝም። የዊንዶውስ 11ን መስፈርት ለማያሟሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ ለ5 ዓመት መደበኛ ማሻሻያ የሚያገኘው የኡቡንቱ የረጅም ጊዜ እትም የተሻለ ምርጫ ነው።